«ቋሚ አድራሻ» የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ዓምድ ለዓመታት አንብቤያለሁ፤ አንድ ቀን እኔም ጠያቂ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዕድሜዬ 41 ነው። በ2010 ዓ.ም. የዲቪ ዕጣ ደርሶኝ አሜሪካ ሄድኩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአንድ ሐበሻ ቤተሰብ ምድር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ነው። ባል የለኝም፣ አልወለድኩም። ግሪን ካርድ አለኝ። ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ቢሞላልኝም የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን መተው እየከበደኝ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ።

ባለፈው መስከረም እናቴን ስትሮክ መታት። ጥቅምት 12 ቀን ቦሌ ደረስኩ። ለሦስት ወር ብዬ የመጣሁት ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ ንግግሯ ግን እየተመለሰ ነው። መጦሪያው ውስጥ ለሰው እናት እንደማደርገው ሁሉ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣሁ አገላብጣታለሁ።

ቤታችን ፒያሳ ነበር። በ2016 ሰፈራችን ሲፈርስ እናቴና ታናሽ እህቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ሊፍት የለውም። እናቴ ከሆስፒታል መጥታ በወንበር ተሸክመው ካስገቧት ቀን ወዲህ ደረጃውን ወርዳ አታውቅም።

አዳማ ያለው ወንድሜ «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ለማን ብለሽ ነው የምትመለሺው? ቤትሽ እዚህ ነው» ይለኛል። የሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኞቼ ደግሞ «በየስድስት ወሩ ብቅ እያልሽ ካርድሽን ጠብቂ፣ ምንም አይሉሽም» ይላሉ። መጦሪያው ቦታዬን በሌላ ሰው ሸፍኖታል፤ ስመለስ እንደገና ማመልከት እችላለሁ። አከራዮቼ በቅንነት «ክፍሉን እናቆይልሽ ወይስ እናከራየው?» ብለው ጠይቀውኛል፤ እስካሁን ኪራዩን እየከፈልኩ ነው። እናቴም በየቀኑ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ባንክ ሄጄ ቅጽ ስሞላ «ቋሚ አድራሻ» የሚለው መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ እኔ የምጽፈው ጠፋኝ። ቅጹን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እዚህም እድር እከፍላለሁ፣ እዚያም እድር እከፍላለሁ። ቤቴ የት ነው? ካርዱን ብተወውስ? ብመለስስ እናቴን ጥዬ ሄድኩ ማለት ነው?

ሁለት እድር ከፋይዋ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ አጥታ በየሁለት ሰዓቱ የምትነሣ ሴት ይህን ያህል አጥርታ መጻፏ ገርሞኛል። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ፦ አንቺን የሚያገላብጥሽ ማን ነው? ማለቴ፣ ከእነዚህ ስምንት ወራት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተኛሽባቸው ስንት ናቸው? ይህን የምጠይቅሽ የደከመ ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ስለሚታየው ነው፤ አንቺም «ልተወው ወይስ ልመለስ» ብለሽ የጻፍሽው በዚያ ድካም ውስጥ ሆነሽ ይመስለኛል።

ስለ ባንኩ ቅጽ ልጀምር። እዚያ መስመር ላይ መቆምሽ የሚያሳፍር አይደለም። የሕግ ሰዎችም ቆመውበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መኖሪያንና ቋሚ መኖሪያን ለይቶ ያያቸዋል። አንድ ሰው ብዙ መኖሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ቋሚ መኖሪያው ግን አንድ ብቻ ነው። አንቀጽ 183 ያንን አንዱን ሲያስረዳ ሰውየው የሥራውና የጥቅሙ ዋና ማዕከል ያደረገውን፣ ለዘለቄታው ልኑርበት ብሎ ያሰበውን ቦታ ነው ይላል። ልብ በይ፣ ሥራና ጥቅም ብቻውን አልበቃውም፤ የሰውየው ሐሳብም አብሮ ተቆጥሯል።

ከእሱ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 184 ደግሞ ለአንቺ የተጻፈ ይመስላል። ሰው ዘወትር በሚኖርበት ቦታ ለዘለቄታው ሊኖር አስቧል ተብሎ ይገመታል። «የለም፣ የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው» የሚል ሰው ሐሳቡ በደንብ ተለይቶ የታወቀና በነገሮች የተለመደ አካሄድ መድረሱ በማይቀር ነገር ላይ የቆመ ካልሆነ በስተቀር አይሰማለትም። «አንድ ቀን እመለሳለሁ» ሚዛን አያነሣም ማለት ነው። ወንድምሽ ደግሞ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል፦ ሥራው አንድ ቦታ፣ የቤተሰብና የማኅበራዊ ኑሮው ሌላ ቦታ የሆነ ሰው ነገሩ ሲያጠራጥር ቤተሰቡ ያለበት ቦታ ይቆጠርለታል። ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ማኅበራዊ ኑሮሽ የት ነው? በእኛ አገር አንድ ሰው የት እንደሚኖር ማወቅ የፈለገ ሰው የት እድር እንደሚከፍል ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ ሲሞት የሚቀብሩት፣ ሲያዝን ድንኳን የሚተክሉለት እነማን እንደሆኑ ያውቃልና። አንቺ ሁለቱም ጋር ትከፍያለሽ። ስለዚህ ልብሽ በሁለት ቦታ መቆሙን እንደ ጥፋት አትቁጠሪው። ልብ ሁለት ቦታ መቆም ይችላል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ይህን አይቀበልም፤ እሱ ደግሞ ቀን እየቆጠረብሽ ነው። አሁን በፍጥነት መነጋገር ያለብን ስለ እሱ ነው።

ጓደኞችሽ የነገሩሽ የብዙ ሰው እምነት ነው፤ ብዙ ሰውም ጎድቷል። በየስድስት ወሩ ብቅ ማለት ብቻውን ካርዱን አያድንም። ግሪን ካርድ የመግቢያ ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። እሱ የሚመሰክረው ቋሚ ኑሮሽ እዚያ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ አንድ የኢሚግሬሽን መኮንን የሚመረምረው የወጣሽው ለጊዜያዊ ጉዳይ መሆን አለመሆኑን ነው። ለምን ወጣሽ? ጉዳዩ መቼ ያልቃል ብለሽ አሰብሽ? ቤትሽ፣ ሥራሽ፣ ቤተሰብሽ የት ነው? ታክስ የምታሳውቂው እንዴት ነው? በየስድስት ወሩ ለሁለት ሳምንት ብቅ የሚል ሰው እነዚህን ሲጠየቅ መልስ ሊያጣ ይችላል። የታመመች እናቷን ልታስታምም የወጣች፣ መመለሻዋን ያሰበች ሴት ግን እውነተኛ መልስ አላት። የዚያ አገር ሕግም የእኛም ሕግ ሐሳብሽን ሲጠይቁሽ ቁርጥ ያለ ነገር ይፈልጋሉ። አንቺ ለሦስት ወር ብለሽ ነበር የመጣሽው፤ ሦስቱ ወር ካለፈ በኋላ ሌላ ቀን ለራስሽ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አልሰጠሽም። ስምንቱን ወር ያከበደብሽ አንዱ ነገር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ከወጣሽ 180 ቀን ስላለፈ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደ አዲስ ገቢ ጠበቅ ያለ ጥያቄ ሊቀርብልሽ ይችላል። አትደንግጪ፤ እውነቱን ተናገሪ፤ ማስረጃሽን በእጅሽ ያዢ። የእናትሽን የሆስፒታል ወረቀት በእንግሊዝኛ አስተርጉሚው። የኪራይ ውልሽን፣ የከፈልሽበትን ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብሽን፣ የታክስ ወረቀትሽን አብረሽ ያዢ። ታክስ ስታሳውቂ ነዋሪ አይደለሁም ብለሽ ሞልተሽ ከሆነ ለጠበቃ መንገር ያለብሽ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ ካርድን እንደ መተው ሊታይ ይችላልና። ምናልባት አንድ መኮንን «አይ-407» የተባለውን ቅጽ ፈርሚ ቢልሽ፣ ቅጹ ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ የሚል መሆኑን እወቂ። ያለ ፍላጎትሽ የመፈረም ግዴታ የለብሽም፤ ጉዳይሽ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይ የመጠየቅ መብት አለሽ።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከአሜሪካ ከወጣሽበት ቀን ነው፤ ቦሌ የደረስሽው ጥቅምት 12 ስለሆነ የወጣሽው ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይሆናል። ዓመት ሳይሞላ ከተመለስሽ ካርድሽ ለመግቢያ ያገለግልሻል። ዓመት ካለፈ ግን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ በኤምባሲ በኩል ለተመላሽ ነዋሪ የሚሰጠውን ቪዛ መጠየቅ ሊኖርብሽ ነው፤ የቆየሽው ከአቅምሽ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅብሻል፤ መንገዱም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ እኔን ከጠየቅሽኝ ከመስቀል በፊት አሜሪካ መግባት አለብሽ።

ይህን ስትሰሚ ልብሽ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። «እናቴን ጥዬ?» ትያለሽ። አይደለም። ጓደኞችሽም ወንድምሽም ያልነገሩሽ አንድ መንገድ አለ፦ ዳግም መግቢያ ፈቃድ። «አይ-131» በሚባለው ቅጽ ይጠየቃል፤ እስከ ሁለት ዓመት ሊሰጥ ይችላል። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ቆይተሽ የምትመለሺበት ወረቀት ነው፤ ሲገቡ የሚጠይቁሽን ጥያቄ ባያስቀርም መመለስ ማሰብሽን ያሳይልሻል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር ላይ ነው፦ ማመልከቻው የሚገባው አንቺ አሜሪካ ውስጥ ሆነሽ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠሽ አታስገቢውም። ካስገባሽ በኋላ ለጣት አሻራ ትጠሪያለሽ፤ አሻራውን ሰጥተሽ ፈቃዱ እስኪደርስ ሳትጠብቂ መውጣት ትችያለሽ። ስለዚህ ጉዞው ከእናትሽ መለያየት ሳይሆን የተወሰነ ሳምንት ሄዶ መመለስ ሊሆን ይችላል። ነሐሴ መጨረሻ ሄደሽ፣ አመልክተሽ፣ አሻራሽን ሰጥተሽ ለገና እናትሽ አጠገብ ልትገኚ ትችያለሽ።

ይህንን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ግን በኢሚግሬሽን ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ወይም በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጠው ተወካይ አማክሪ። ከአዲስ አበባ በስልክ ሊያነጋግሩሽ ይችላሉ። ቅጽ እንሞላለን የሚሉ ሰዎች ጋር አትሂጂ፤ ቅጽ መሙላትና ሕግ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ደንቡም ስለሚለዋወጥ እኔ ዛሬ የጻፍኩልሽን በምትበሪበት ሰሞን እንደገና ያረጋግጡልሽ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ቁልፉን አትመልሺ፤ ባዶውን ግን አታቆዪው። አከራዮችሽ እንዲህ ያሉ ቅን ሰዎች ከሆኑ ውሉ በስምሽ እንዳለ፣ በእነሱ ፈቃድ፣ ለተወሰኑ ወራት አንዲት ልጅ እንድትገባበት ጠይቂያቸው። አዲስ መጥታ ቤት ያጣች አትጠፋም። ደብዳቤሽም ይደርስሻል፤ አሻራ የሚጠራሽ ወረቀት ወደዚያ አድራሻ ነው የሚመጣው። ኪራይ የነበረው ገንዘብ ደግሞ ሌሊት የምትረዳ ሴት ሊቀጥርላችሁ ይችላል። አንቺ ሙያውን ታውቂዋለሽ፤ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ትራሱ የት እንደሚገባ፣ ተረከዝ እንዴት እንደሚጠበቅ ለእሷም ለእህትሽም ማስተማር የምትችይው አንቺ ነሽ። ነሐሴ እስኪደርስ ሁለት ወር አለሽ።

ስለ ዜግነቱ አልጠየቅሽኝም፤ ግን በአንድ አረፍተ ነገር አልፈሽዋልና ላልፈው አልቻልኩም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በፈቃድሽ የሌላ አገር ዜግነት ከያዝሽ የኢትዮጵያውን ታጫለሽ። ይህን ማዘን የሚገባ ነገር ነው፤ «ወረቀት ነው» እያለ የሚያቃልልብሽን ሰው አትስሚ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖርና መሥራት ያስችላል። መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይም መሥራት አይቻልም። ይህ ለአንቺ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

በሌላ በኩል ደግሞ ይህንን አስቢ። ዛሬ ቀን እያስቆጠረሽ ያለው ግሪን ካርዱ ነው። የአሜሪካ ዜጋ አንድ ዓመትም ሦስት ዓመትም እናቱ አጠገብ ቢቀመጥ የመመለስ መብቱ አይነካም። አገር መክዳት የሚመስልሽ ያ የአሜሪካ ዜግነት ወረቀት፣ እናትሽ ክፍል ውስጥ ያለ ሥጋት የሚያስቀምጥሽም እሱ ነው። ወላጅን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ማመልከት የሚችለውም ዜጋ ብቻ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለወላጁ ማመልከት አይችልም። እናትሽ መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ አላውቅም፤ ፒያሳን ካጡ በኋላ ሌላ መነቀል ይቀበሉ ይሆን? ብቻ በሩ እንዳለ እወቂው።

ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየትሽ ለዜግነት የሚቆጠረውን የአምስት ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት አቋርጦታል የሚል ግምት ያስነሣል። ዓመት ካልሞላ ግን ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል። ዓመት ሙሉ ከቆየሽ ይቋረጣል፤ ከተመለስሽ በኋላ ቢያንስ 4 ዓመት ከ1 ቀን ትጠብቂያለሽ። ዳግም መግቢያ ፈቃዱም ከዚህ አያድንሽም። እንግዲህ ጠበቃሽን በምታነጋግሪበት ቀን ሁለቱንም ጠይቂ፦ አሁን ለዜግነት ባመለክትስ? ፈቃዱን ወስጄ ብመለስስ? ሁለቱም የየራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ የትኛውን መክፈል እንደምትችይ እኔ ልወስንልሽ አልችልም።

ካርዱን መተው ስህተት ነው አላልኩሽም። ሰው ተመልሶ አገሩ መኖር ይፈልጋል፤ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ የሚያምርበትም ብዙ ሰው አይቻለሁ። ግን አስቢው፦ እናትሽ ነገ ተነሥተው ቢራመዱ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ጠዋት ስትነሺ የት ትሄጃለሽ? ለዚህ ደስ የሚል መልስ ካለሽ ካርዱን በፈቃድሽ፣ በሙሉ ልብሽ ተዪው። መልስሽ ዝምታ ከሆነ ግን ካርዱ ዓመቱ አልፎበት በቸልታ እንዳይሞትብሽ። በራስሽ ያልወሰንሽው ነገር ቆይቶ ወንድምሽን ወይም እናትሽን የምትወቅሺበት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ወንድምሽንም በደግ ዐይን ልየው። «ቤትሽ እዚህ ነው» ሲል ምናልባት «ብቻችንን አትተዪን» ማለቱ ይሆናል። እሱን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «እኔ ለተወሰኑ ሳምንታት ብሄድ ከአዳማ በየሳምንቱ ስንት ሌሊት መጥተህ ታድራለህ?» መልሱን በቁጥር ተቀበዪው። ታናሽ እህትሽም በደብዳቤሽ ውስጥ ድምፅዋ አልተሰማም። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ከእናትሽ ጋር የነበረችው እሷ ናት። እስኪ አስቀምጠሽ አዋሪያት።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን የእናትሽ ጥያቄ ነው። «መቼ ነው የምትሄጂው?» ሲሉሽ ምን መለስሽላቸው? «አልሄድም» ብለሽ ይሆን፣ ወይስ ዝም? እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። «አትሂጂብኝ» ሊሆን ይችላል። «በእኔ ምክንያት ያገኘሽውን አትጪ» ሊሆን ይችላል። ወይም በቀጥታ ቀኑን ማወቅ ፈልገው ይሆናል፤ የታመመ ሰው ቀኑን ሲያውቅ ይረጋጋል። ንግግራቸው እየተመለሰ ነው ብለሻል። እንግዲያው አንድ ቀን፣ እህትሽ በሌለችበት፣ ካገላበጥሻቸው በኋላ አጠገባቸው ቁጭ በዪና «እማዬ፣ ስትጠይቂኝ ምን ማለትሽ ነው?» በያቸው። ቃላቸው እስኪወጣ ጠብቂ፤ አትጨርሺላቸው።

ከዚያ ደግሞ የሦስተኛ ፎቁን ነገር አንሺ። ከምድር ላይ ያለ ጎረቤት ቤት ለመለዋወጥ ወይም ለማከራየት ፈቃደኛ ይሆን እንደሆነ ጠይቃችኋል? የብሎካችሁን ኮሚቴ አነጋግሩ። ስምንት ወር ሙሉ ፀሐይ በመስኮት ብቻ ያዩ ሰው ናቸው። ክረምቱ ሳይበረታ፣ አንድ ፀሐያማ እሑድ፣ አራት ጎበዝ ለምነሽ በወንበር ግቢው ውስጥ አውርዷቸው። የፒያሳ ጎረቤቶቻቸው ከተበተኑበት ሁለት ሦስቱን ጥሪላቸውና ቡና አፍዪ።

የባንኩን ቅጽ ከቦርሳሽ አውጪው። ወደ ባንኩ ተመለሺና አሁን ያለሁት አራብሳ ነው፣ ኑሮዬ አሜሪካ ነው፣ የቱን ልጻፍ ብለሽ መስኮቱ ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቂ፤ እውነቱን ጻፊ። ፓስፖርትሽን ደግሞ ዛሬ ማታ አውጪና የወጣሽበትን ቀን አረጋግጠሽ በወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ጠበቃው ያለሽን፣ እናትሽም የመለሱልሽን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።